ከድንጋዩ እስከ ላሚቱ፤ የከብት የማዕድን ጕድለት ከየት ይመጣል?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ የአፈርና የድንጋይ ኬሚስትሪ ከከብት የማዕድን ጕድለት ጋር ያለው ግንኙነት ነው። ርእሱን ሲሰሙት የሁለት ወይም የሦስት ፋኩልቲ ሰዎች ብቻ የሚነጋገሩበት ይመስላል። ነገር ግን ዘርዘር አድርገን ስንመለከተው፣ ወተት የሚጠጣውን፣ በበሬ የሚያርሰውንና ከከብቱ የሚኖረውን ሁሉ የሚነካ ጕዳይ ሁኖ እናገኘዋለን። በንግግራችን ውስጥ የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ከብት የሚከሳው ሣር ሲጠፋ ነው ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም እውነት ነው። ዳሩ ግን ሣሩ ለምልሞ፣ ውሃው ሳይጐድል፣ የሆድ ትልም ሆነ ሌላ የታወቀ በሽታ ሳይገኝ፣ ላሚቱ የምትከሳበት፣ ጠጕርዋ የሚደበዝዝበት፣ ጥጃዋ የሚቀጭጭበት፣ እርስዋም ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ኰርማ ሳትፈልግ የምትቀርበት አገር አለ። ባለቤትዋ ዓይን ነው ይላል፤ ሐኪሙም የትል መድኃኒት ይሰጣል፤ ላሚቱ ግን እንደ ከሳች ትቀራለች። ለሁለቱም የተሰወረው ምክንያት ላሚቱ በቆመችበት መሬት ውስጥ ነው።

ከብት በብዛት ከሚያስፈልጉት ማዕድኖች መካከል ካልሲየም፣ ፎስፈረስ፣ ማግኒዚየምና ሶዲየም ይገኛሉ። በጣም በጥቂቱ ከሚያስፈልጉት ደግሞ መዳብ፣ ኮባልት፣ ዚንክ፣ ማንጋኒዝ፣ አዮዲንና ሴሌኒየም ዋነኞቹ ናቸው። መጠኑን ለማነጻጸር ያህል፣ በአንድ ኪሎ ደረቅ መኖ ውስጥ ከ2 ግራም ያላነሰ ፎስፈረስ፣ ወደ 10 ሚሊግራም የሚጠጋ መዳብና 0.1 ሚሊግራም ያህል ኮባልት ሊገኝ ይገባል። እንግዲህ በቀን 10 ኪሎ ደረቅ መኖ የምትበላ ላም የምትሻው ኮባልት የአንድ ግራም አንድ ሺኛ ብቻ ነው። ይህችን ታህል ነገር አጥታ ትሞታለች ቢባል ለማመን ያስቸግራል፤ ግን እንዲህ ሁኖ ታይቷል።

ዛሬ ልናስረዳ የምንፈልገው ዋናው ነገር ይህ ነው፤ አንድ ማዕድን በመሬት ውስጥ መኖሩ ለላሚቱ ደረሰ ማለት አይደለም። ከድንጋዩ ተነሥቶ እስከ ላሚቱ ደም ድረስ አራት በሮች አሉ። እነርሱም ድንጋዩ፣ አፈሩ፣ ሣሩና የላሚቱ ሆድ ናቸው። በእያንዳንዱ በር ላይ የተለየ የኬሚስትሪ ሕግ ይሠራል። አንዱ በር ከተዘጋ የሌሎቹ መከፈት ብቻውን አይጠቅምም።

የመጀመሪያው በር ድንጋዩ ነው። አፈር ከድንጋይ መፈራረስ የሚወጣ ስለ ሆነ፣ ድንጋዩ ያልያዘውን አፈሩ ከየትም ሊያመጣው አይችልም፤ ወንዝ ወይም ነፋስ ከሌላ ስፍራ ካላመጣለት በቀር። ባዛልት የሚባለው ጥቁር ድንጋይ ብረትና ማግኒዚየም የበዛበት ነው። ኮባልትና መዳብም ከነዚህ ጋር አብረው መኖር ስለሚወዱ በአንድ ኪሎ ባዛልት ውስጥ ኮባልት በብዙ አሥር ሚሊግራም ይቈጠራል። ግራኒት ግን ሲሊካ የበዛበት በመሆኑ፣ የሚገኝበት ኮባልት ጥቂት ሚሊግራም ብቻ ነው። ከእሳተ ገሞራ የሚወጣው ነጭና ቀላል የፐሚስ ድንጋይም እንደ ግራኒቱ ድኻ ነው። ስለዚህ ሁለት መንደሮች አንድ ዐይነት ዝናብና አንድ ዐይነት ሣር እያላቸው፣ የቆሙበት ድንጋይ ቢለያይ የከብታቸውም ጤና ሊለያይ ይችላል።

ሁለተኛው በር አፈሩ ነው። እዚህ ላይ የሚፈርደው የማዕድኑ ብዛት ብቻ ሳይሆን በውሃ ሊሟሟ መቻሉ ነው። አፈሩ ኮምጣጣ በሚሆንበት ጊዜ ኮባልት፣ ማንጋኒዝና ዚንክ ለሣር ሥር ይቀርባሉ። ኖራ በበዛበት አፈር ግን ይታሰራሉ። ሞሊብዴነም የተባለው ማዕድን ጠባዩ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በኮምጣጣ አፈር ይታሰራል፣ በኖራማና በጨዋማ አፈር ይፈታል። ስለዚህ ገበሬው እህሉን ለመርዳት ሲል ኖራ በመሬቱ ላይ ሲበትን፣ ሳያውቀው አንዱን ማዕድን አስሮ ሌላውን ይፈታል። ፎስፈረስ ደግሞ ከሁለቱም ወገን ጠላት አለው። በቀይ አፈር ውስጥ የብረትና የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ይይዘዋል፤ በኖራማ አፈር ውስጥ ካልሲየም ይይዘዋል። አፈሩ በላቦራቶሪ ሲመረመር ጠቅላላው ፎስፈረስ ብዙ ሁኖ ሊታይ ይችላል። ለሣሩ የሚደርሰው ግን ትንሽ ነው። ይህ ዐይነቱ ሀብት «ላም አለኝ በሰማይ» እንደሚባለው ያለ ነው።

ሦስተኛው በር ሣሩ ነው። ሣር የሚያድገው ለራሱ እንጂ ለላሚቱ ብሎ አይደለም። ኮባልት፣ አዮዲንና ሴሌኒየም ለላሚቱ የሕይወት ጕዳይ ሲሆኑ ሣሩ ለራሱ እድገት አይሻቸውም። ከዚህ የተነሣ መስኩ በሙሉ አረንጓዴ ሁኖ፣ ሣሩም ጤነኛ ሁኖ፣ ላሚቱን ግን ሊገድላት ይችላል። እንደዚሁም ሣር በሸመገለ ቁጥር ፎስፈረሱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በበጋ የሚበላው ደረቅ ሣርና ጭድ ከክረምቱ ለጋ ሣር ጋር አይወዳደርም። እንደ ማገጥ ያሉ የጥራጥሬ ወገን ዕፀዋት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሣር የበለጠ ማዕድን ስለሚይዙ፣ በግጦሹ ውስጥ መኖራቸው ትልቅ ጥቅም አለው።

አራተኛው በር የላሚቱ ሆድ ነው። የሚያመሰኩ እንስሳት በመጀመሪያው ትልቅ የሆዳቸው ክፍል ውስጥ ቍጥር ስፍር የሌላቸው ደቂቅ ሕይወቶች ይኖራሉ። እዚያም ውስጥ ሞሊብዴነምና ድኝ ሲገናኙ መዳብን የሚይዝ ውሁድ ይሠራሉ፤ የተያዘውም መዳብ ወደ ደም ሳይገባ ከፋንድያ ጋር ይወጣል። ከአፈር ጋር ተቀላቅሎ የሚበላ ብዙ ብረትም መዳብን ይቃወማል። በመኖው ውስጥ መዳብ ከሞሊብዴነም ቢያንስ ሁለት እጥፍ ካልበለጠ፣ መጠኑ ብቻውን ሲታይ በቂ ቢመስልም ላሚቱ የመዳብ ድኻ ትሆናለች።

ይህ ሁሉ በሐሳብ ብቻ የተገኘ አይደለም። ሳይንስ ወደዚህ የደረሰው ከብት እያለቀ በሄደባቸው አገሮች በተደረገ ብዙ ድካም ነው። ከነዚህም ሦስቱን እንጥቀስ።

በደቡብ አፍሪካ በፍራይበርግ አቅራቢያ ከብት አጥንት እየለቀመ ያኝክ ነበር። ከዚያም እግሩ እየሰነፈ ወድቆ ይሞት ነበር። ሰር አርኖልድ ታይለርና ባልደረቦቻቸው ከ1919 ጀምሮ በአርመድስፍላክተ እርሻ ላይ ባደረጉት ምርምር ነገሩ ሁለት እርከን እንዳለው ተገነዘቡ። በመጀመሪያ የአፈሩና የሣሩ ፎስፈረስ ስለሚያንስ ከብቱ አጥንት ይመኛል፤ ቀጥሎም በሬሳ አጥንት ላይ ያደገው ባክቴሪያ የሚያወጣው መርዝ ይገድለዋል። የሚገድለው መርዙ ይሁን እንጂ ወደ መርዙ የሚወስደው የመሬቱ ድህነት ነበር። ስለዚህም የአጥንት ዱቄት ሲመገብ ከብቱ አጥንት መልቀሙን ተወ፤ ሞቱም ቀነሰ፤ ከዚያም በላይ ሥጋውና ወተቱ ጨመረ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከኒውዚላንድና ከአውስትራሊያ ነው። በኒውዚላንድ ሰሜናዊ ደሴት መካከል፣ በእሳተ ገሞራ ፐሚስ በተሸፈነው አገር፣ ከብትና በግ በለመለመ መስክ ላይ እየከሱ ያልቁ ነበር። ሊሞናይት የተባለ የብረት ድንጋይ ሲሰጣቸው ስለዳኑ፣ የጐደላቸው ብረት ነው ተባለ። ነገር ግን ከልዩ ልዩ ስፍራ የመጣው ሊሞናይት እኩል አያድንም ነበር። ይህን የተጠራጠሩት ኤሪክ አንደርዉድና ጆን ፊልመር በምዕራብ አውስትራሊያ ሊሞናይቱን በኬሚስትሪ ከፋፍለው፣ ብረቱ የወጣለት ክፍል እንደሚያድን አረጋገጡ። በ1935ም አዳኙ ኮባልት መሆኑን አስታወቁ። በዚያው ዓመት በደቡብ አውስትራሊያ ሄድሊ ማርስተንና ላይንስ በባሕር ዳር ኖራማ አሸዋ ላይ በሚታመሙ በጎች የሚያደርጉት ምርምር ወደዚሁ ማዕድን አደረሳቸው። ምክንያቱ የታወቀው ዘግይቶ ነው። በ1948 ቪታሚን ቢ12 ተለይቶ ሲወጣ ኮባልት በውስጡ ተገኘ። በላሚቱ ሆድ ያሉት ደቂቅ ሕይወቶች ይህን ቪታሚን የሚሠሩት ከኮባልት ነው፤ እርሱም ከሌለ ላሚቱ የበላችውን ሣር ወደ ጕልበት ልትለውጠው አትችልም። ሣር መካከል ቆማ ትራባለች ማለት ይህ ነው። ወደ እኛም ስንቀርብ፣ በኬንያ ስምጥ ሸለቆ በናኩሩ አካባቢ ይኸው የኮባልት ጕድለት ታይቶ በከተማዪቱ ስም ተጠርቶ ነበር።

ሦስተኛው ምሳሌ ከእንግሊዝ አገር ከሰመርሴት ነው። በዚያ ላያስ በተባለው የሸክላና የኖራ ድንጋይ ላይ በሚገኙ አንዳንድ መስኮች የሚሰማሩ ላሞች በብርቱ ይቀዝናሉ፤ ጠጕራቸውም ይለወጣል። ከመስኩ አውጥተው ወደ ሌላ ሲወስዷቸው ይድናሉ። በ1938 ፈርጉሰን፣ ሉዊስና ዋትሰን የተባሉት ተመራማሪዎች ምክንያቱ በሣሩ ውስጥ የበዛው ሞሊብዴነም መሆኑን አስታወቁ። በእነዚያ መስኮች ሣር ውስጥ በአንድ ኪሎ ከ20 እስከ 100 ሚሊግራም ሞሊብዴነም ተገኝቷል። መድኃኒቱም በየቀኑ የሚሰጥ ጥቂት የመዳብ ሰልፌት ሆነ። እዚህ የታመመው ከብት የታመመው ከመሬቱ አንድ ነገር ስለ ጐደለ ሳይሆን ሌላ ነገር ስለ በዛ ነው።

ከነዚህ ሦስት ታሪኮች የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋው የአፈሩ በር ነበር፤ በኒውዚላንድ የድንጋዩ በር ነበር፤ በሰመርሴት የሆዱ በር ነበር። ምልክቱ ግን በሦስቱም አገር ለዓይን ሲታይ ከሳ፣ ደከመ፣ ወተቱ ቀነሰ የሚል ነው። ዓይን ብቻ አይለየውም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ደጋ አብዛኛው ክፍሉ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ባዛልት የተሸፈነ ነው። በድንጋይ በኩል ሲታይ ሀብታም መሬት ነው። ነገር ግን ዝናብ በሚበዛበት በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ፣ ያ ባዛልት ለረዥም ዘመን ታጥቦ ኮምጣጣ ቀይ አፈር ሆኗል። በውስጡም ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን ይዘውታል። በጊልገል ግቤ ተፋሰስ የሚሰማሩ የአገር ከብቶችን የሚመለከትና በ2013 የታተመ ጥናት ብዙዎቹ መዳብ እንደሚያንሳቸው አሳይቷል። ሀብታም ድንጋይ ላይ ድኻ ላም ቆመች ማለት ነው።

በስምጥ ሸለቆ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ወለሉ በፐሚስ፣ በእሳተ ገሞራ ዐመድና ከሐይቆች በቀረ ደለል የተሸፈነ ሲሆን፣ ድንጋዩ ሲሊካ የበዛበት፣ በብዙ ስፍራም አፈሩና ውሃው ጨዋማና ሶዳማ ነው። እንዲህ ያለው አፈር ሞሊብዴነምን እንደሚፈታ ቀደም ብለን ተናግረናል። በ1991 በርናር ፋይና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት በምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ የሚያመሰኩ እንስሳት የመዳብ ጕድለት እንዳለባቸው አመልክተዋል። በዚሁ ሸለቆ በብዙ ጕድጓዶች ውስጥ ፍሎራይድ ለሰው ከተፈቀደው ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር በላይ መሆኑ የታወቀ ነው። የሰውን ጥርስና አጥንት የሚያበላሸው ይህ ማዕድን ለከብቱም አይራራም።

ከብት አርቢዎቻችን ይህን ጕዳይ ፈጽሞ አያውቁትም ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። ከብቱን በየጊዜው ወደ ሆራ ነድቶ ማጠጣት፣ ቦሌ የተባለውን አፈር ማስላስ፣ አሞሌ ጨው ሰብሮ መስጠት የቆየ ልማድ ነው። ሳይንስ የዚህን ልማድ ጥበብ ማክበር፣ ወሰኑንም ማሳየት ይገባዋል። አሞሌ ጨው በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ስለ ሆነ ሣር የሚያንሰውን ሶዲየም ይሞላል፤ መዳብና ፎስፈረስ ግን አይሰጥም። ቦሌ ደግሞ የሚቈፈርበት ስፍራ በተለወጠ ቍጥር ይዘቱ ይለወጣል። ስለዚህ ከአንዱ ወረዳ የመጣ ቦሌ ጠቀመ ተብሎ የሌላው ሁሉ እኩል ይጠቅማል ማለት አይቻልም።

ይህ ጕዳይ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ የሚያስቸኵልበት ምክንያት አለ። በቀን ሁለት ሊትር የምትሰጥ የአገር ላም በወተትዋ የምታወጣው ፎስፈረስ ወደ 2 ግራም ገደማ ነው። በቀን 15 ሊትር የምትታለብ ድቅል ላም ግን ወደ 14 ግራም ታወጣለች። ዘሩን ለውጠን መኖውን ካልለወጥን፣ ላሚቱ የጐደለውን ከአጥንትዋ እያወጣች ትከፍላለች፤ አጥንትዋም ባለቀ ጊዜ ማርገዝ ይቀርባታል። ብድር ገብቶ ድቅል ጊደር የገዛ ገበሬ ሁለት ዓመት ጥጃ ካላየ፣ ዕዳው በቤተሰቡ ላይ ይወድቃል። እንግዲህ የምንነጋገረው ስለ ላቦራቶሪ ቍጥር ብቻ አይደለም።

አንዳንዶች «እንግዲያውስ ሁሉንም ማዕድን ቀላቅሎ ለሁሉም ከብት መስጠት ነው» ይሉ ይሆናል። ይህ አሳብ ቀላል ቢመስልም አደጋ አለበት። መዳብ በጉበት ውስጥ የሚከማች ማዕድን ነው። በተለይ በግ በጥቂት ብልጫ ይመረዛል፤ ለላም የተዘጋጀው ለበግ ሞት ሊሆን ይችላል። ፍሎራይድ የበዛበት ጥሬ የፎስፌት ድንጋይም ለስምጥ ሸለቆ ከብት ቢሰጥ በሕመም ላይ ሕመም መጨመር ይሆናል። የአጥንት ዱቄትም ቢሆን በታይለር ዘመን እንደ ነበረው ዛሬ በግዴለሽነት አይሰጥም፤ በ1986 በብሪታንያ ተለይቶ የታወቀው የከብት የአንጐል በሽታ በመኖ አማካይነት መዛመቱ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ብዙ አገሮች እንዲህ ያለውን መኖ ለሚያመሰኩ እንስሳት መስጠትን ከልክለዋል። ዲካልሲየም ፎስፌት የተባለው የተጣራ ማዕድን ይሻላል። ከሁሉም በላይ ድኻው ገበሬ ላሚቱ የማያስፈልጋትን ማዕድን እንዲገዛ ማድረግ ግፍ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በበኩላችን ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ናሙና በአንድነት ይወሰድ። የጂኦሎጂ ተማሪ ድንጋዩን በአንድ ዓመት፣ የአፈር ተማሪ አፈሩን በሌላ ወረዳ፣ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ደሙን በሌላ ወራት ቢወስድ፣ ሦስት መልካም የመመረቂያ ጽሑፎች ይገኛሉ፤ አንዲት ላም ግን አትድንም። ድንጋዩ፣ አፈሩ፣ ሣሩ፣ ውሃውና ከብቱ ከአንድ መስክ፣ በአንድ ወቅት ቢመረመሩ የትኛው በር እንደ ተዘጋ ይታወቃል። ይኸውም በክረምትና በበጋ ሊደገም ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ ጉበት ይመርመር። የደም መዳብ የሚወርደው የጉበት ጎተራ ባዶ ሊሆን ሲቃረብ ስለ ሆነ፣ ደሙን ብቻ ያየ ሰው ዘግይቶ ያውቃል። በየቄራው በየቀኑ የሚታረደው ከብት የመጣበት ወረዳ ተጽፎ፣ ከጉበቱ ትንሽ ቍራጭ ቢወሰድ፣ በጥቂት ወጪ የአገሪቱን የመዳብ ካርታ መጀመር ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ሙከራው በገበሬው ደጅ ይሁን። ከአንድ መንደር ከብት እኩሌታው የጐደለው ማዕድን ይሰጠው፤ እኩሌታው እንደ ነበረ ይቆይ፤ ክብደቱ፣ ወተቱና የእርግዝናው ነገር ይመዝገብ። በአውስትራሊያ ብረትን ከኮባልት የለየው በመላምት ሳይሆን በእንዲህ ያለ ማነጻጸር ነው። አርቢውም ከብቱን የትኛው መስክ እንደሚያከሳውና የትኛው ሆራ እንደሚያበረታው ይጠየቅ፤ እርሱ በእግሩ የለካውን እኛ በሚዛን እንለካለን።

ጓደኞቻችን፤ ማዕድኑ ከድንጋይ ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ ላም ሲሄድ የትኛው ፋኩልቲ ውስጥ እንዳለ አይጠይቅም። እኛ ግን በየፋኩልቲያችን አጥር ውስጥ ቆመን የየራሳችንን ቍራጭ እናጠናለን። ክቡራን መምህራኖቻችን በሚቀጥለው የመስክ ጉዞ የጂኦሎጂ፣ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎችን በአንድ መኪና ወደ አንድ መስክ ቢልኩን፣ ለዚህ ንግግር የሚሰጡን ከሁሉ የተሻለ መልስ ይህ ይሆናል።